የስፔሰሩ ሽምግልና

«ወንድሜ ቀንቶበት ነው እንጂ ብረቱስ ምን አደረገ!» አለች ዙሃራ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ከማጠቢያ ማሽኑ እርጥብ አንሶላ እየጎተተች። «ልጅ ያልወለደ ሰው የሰው ልጅ ሲያልፍለት ማየት ይከብደዋል። ምን ላድርገው?» ይህን ያለችው ደሴ ላለችው ታላቅ እህታቸው ነው። ወንድሟ አብዱልሀሚድ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ብረት የሚቀርጽበትን ቶርኖ በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ሜልበርን፣ ብሬብሩክ ውስጥ ያለው የኪራይ ቤት ግድግዳ፣ ግድግዳ የተባለው ለወጉ ነው፤ እንኳን ወሬ ሳል አይከለክልም። ይህን ደግሞ በየሳምንቱ አምስት መቶ ሃያ ዶላር የምትከፍልበት ዙሃራ ከማንም በላይ ታውቃለች። የአብዱልሀሚድ እጅ ቆመ። ምናልባት ትመልሰው ይሆናል ብሎ ጠበቀ፤ ሰው ስልክ ላይ ብዙ ይላል፣ መልሶም «አስተግፊሩላህ፣ እሱስ ደግ ሰው ነው» ይላል። ዙሃራ ግን ወደ ሽንኩርት አለፈች። እዚህ ኪሎው ስንት እንደገባ፣ ደሴስ ስንት እንደደረሰ ሲያወሩ ቆዩ። አብዱልሀሚድ ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው፣ የጸዳውን ብረት እንደገና ይወለውል ጀመር። በዕድሜው ብዙ ስም ወጥቶለታል፤ ግትር ተብሏል፣ ዝምተኛ ተብሏል። ቀናተኛ ሲባል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። አናደደው ማለት አይበቃም፣ አሳፈረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፔሰር የሚሉት ቸርኬው ከመኪናው ጋር በሚታሰርበት ቦታ፣ በሁለቱ መካከል የሚገባ ወፍራም የአሉሚኒየም ቀለበት ነው። ጎማውን ወደ ውጪ ገፋ ያደርገዋል፣ መኪናው ደረቱን የነፋ ጎረምሳ ይመስላል። ሌላ ጥቅም አለው ወይ ለሚል ሰው አብዱልሀሚድ ራሱ የሚመልሰው የለውም። የሜልበርን ወጣት ግን ለአንድ ጥንድ አራት መቶ ዶላር ይከፍላል፤ ያውም ፖሊስ ካየው ቢጫ ወረቀት ለጥፎ መኪናውን ከመንገድ እንደሚያስወጣበት እያወቀ። አብዱልሀሚድ ዳንደኖንግ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆሞ ነው ጎልማሳነቱን የጨረሰው። ፋብሪካው ሲዘጋ ዕቃው በጨረታ ተሸጠ፤ ሌላው ሠራተኛ ለፍሪጅና ለወንበር ሲጋፋ እሱ የሚሠራበትን ቶርኖ ገዝቶ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ እህቱ ጋራዥ አራገፈው። ዙሃራ ያን ቀን ስቃ ልትሞት ነበር፤ «ሚስት አምጣ ብንለው ይሄን አመጣ» እያለች። እሱም ቶርኖውን ተከትሎ ከጓሮ ካለችው ክፍል ገባ፣ በዚያው ቀረ። ሥራ ያገኘለት የዙሃራ ልጅ ሱሀይብ ነው። ልጁ ኢንስታግራም ላይ ገጽ ከፈተ፣ ልኬት ይቀበላል፣ አጎቱ ይቆርጣል፣ እሱ ይሸጣል። ከሱቅ የሚገዛው ስፔሰር ለማንም እንዲሆን የተሠራ ነው፤ የአብዱልሀሚድ ግን ለዚያ መኪና ብቻ በልኩ የተሰፋ ሱሪ ነው። ብዙ ሳይቆይ ከክሬጊበርን እስከ ዳንደኖንግ መኪና ያሳበደው ወጣት ሁሉ «የአንክል ስፔሰር» ይል ጀመር። አብዱልሀሚድ ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም ነበር ማለት ውሸት ነው።

ብርዱ ሲጀምር ሱሀይብ የአሉሚኒየም ዋጋ ጣሪያ ነካ ብሎ ከአንድ ቁራሌ ግቢ አንድ ወፍራም የአሉሚኒየም ግንድ በርካሽ ይዞ መጣ። እዚህ አገርም ቁራሌ አለ፣ ግቢው ሰፊ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ግንዱ ቶርኖው ላይ ሲታሰር ደህና ይመስል ነበር፤ ሲቆረጥ ግን ፍቅፋቂው እንደ ወትሮው እየተጠቀለለ በመውጣት ፈንታ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈር ጀመር። «ይሄ ነገር አላማረኝም» አለ አብዱልሀሚድ። «ሰውዬው ያው ነው ብሏል፣ ምሎልኛል» አለ ሱሀይብ። ደንበኛ እየጠበቀ ነበር፤ ተቆረጠ። ከግንዱ ሦስት ቀለበት ወጣ። ሁለቱ ለአንድ ፈረንጅ ተሸጡ። አንዱ ደግሞ ከደህናው ብረት ከተሠራ ሌላ ቀለበት ጋር ተጣምሮ የሰፈሩ ሽማግሌ የጋሼ ኃይለመስቀል ልጅ እንድርያስ ነጭ ሱባሩ ላይ ገባ። ያሰረው አብዱልሀሚድ ራሱ ነው። ፈረንጁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መኪናዬ ይንቀጠቀጣል ብሎ ሁለቱን መለሳቸው። አብዱልሀሚድ ፋብሪካ እንደለመደው ስንጥቅ የሚያወጣውን ቀይ ቀለም ቀባባቸው፣ ጠረጋቸው፣ ነጩን ዱቄት ነፋባቸው፤ ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ ወደ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር ብቅ አለ። በሁለቱም ላይ። እንዲህ ያለ ቀለበት ሲሰበር ጎማው ከነቸርኬው ነው ጥሎ የሚሄደው።

ሱሀይብ መስመሩን አይቷል፣ አላየሁም አላለም። «ያ ሰውዬ በአየር መፍቻ ከልክ በላይ አጥብቆት ነው» አለ። «አንተ ያሰርከው አይሰነጠቅም አንክል።» ይህም ሊሆን ይችላል፤ አብዱልሀሚድን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ሱሀይብ ክፉ ልጅ አይደለም። ወሬው ከወጣ ገጹ በማግስቱ እንደሚዘጋ ያውቃል፤ ለዚህ ገጽ ብሎ የመጋዘን ሥራውን ለቋል፣ ለእናቱም የቤት ኪራይ ግማሹን የሚከፍለው ከዚሁ ነው። ለእንድርያስ እንንገረው፣ በነጻ እንቀይርለት ሲባል፣ ቆይ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አለ፤ ጊዜው ተሰጠ፣ ጊዜው አለፈ። ክሬጊበርን መጋዘኖቹ አጠገብ ያለው ሰፊ ማቆሚያ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ወዳዶቹ ይሰበሰባሉ፤ እንድርያስ ሥራ ላይ ስለነበር ባልመጣበት በአንዱ ቅዳሜ አብዱልሀሚድ ከደንበኛ ፊት ሱሀይብን «ሌባ!» አለው። በአማርኛ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ እንዲሰሙት ብሎ በእንግሊዝኛ ደገመው። ሱሀይብም የአጎቱን እጅ ከደረቱ ላይ ገፍትሮ ጣለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ጓደኛው ቤት ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። ዙሃራ በየምሽቱ እራቱን በሳህን ሸፍና ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ጠዋት ታወጣዋለች፣ ራሷ ትበላዋለች። ስለዚህ ጉዳይ ለወንድሟ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ሽማግሌ መጥራቷንም የነገረችው «ቅዳሜ እንግዳ አለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ» በማለት ነው።

ቅዳሜው ዛሬ ነው። ዙሃራ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የጋራዡን በር በእግሯ ገፋ አድርጋ ሻይ ይዛ ገባች። ብርጭቆውን ቶርኖው አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ስኳሩን ራሷ አማሰለችለት። የቆመችበት ቦታ ሱሀይብ ዕቃ የሚያሽግበት ነው፤ ባዶ ካርቶኖቹ እንደተደረደሩ ነበሩ። አንዱን አንስታ አቧራውን እፍ አለችና መልሳ አስቀመጠችው። «ዛሬ ልጄን ይዤ ነው የማድረው» አለች፣ ለእሱ ይሁን ለካርቶኑ አይታወቅም፤ ወጣች። አብዱልሀሚድ ሻዩን ሳይጠጣው ስልኩን አውጥቶ እንድርያስ ዘንድ ደወለ። ከዚህ በፊትም ደውሎለት ነበር፤ ልጁም በጨዋ ደንብ፣ በእንግሊዝኛ፣ የእናንተ የቤተሰብ ነገር ውስጥ አታስገቡኝ ብሎታል። አሁንም ያው ነው።

«አንክል፣ አይ ኖው። ሱሀይብ ነግሮኛል» አለ እንድርያስ። «ዳድን ይዤ እመጣለሁ ዛሬ። ጀስት ሜክ ፒስ፣ ኦኬ?»

«ልጄ፣ ስለ ጠቡ አይደለም የምልህ። ስለ ግራው ጎማ ነው።»

«ያ፣ ያ። ሲ ዩ ሱን፣ አንክል።»

አብዱልሀሚድ ስልኩን እያየ ቀረ። ምን ዓይነት አማርኛ ቢናገር፣ ምን ዓይነት እንግሊዝኛ ቢደረድር ነው የሚሰማው? እሱ ስለ ብረት ይናገራል፣ ሁሉም የሚሰማው ግን ስለ ጠብ ነው። ለመንግሥት እንዳይደውል፣ የሚደወለው በእህቱ ልጅ ላይ ነው፤ የተከራየችው ቤት ጋራዥ ውስጥ ፈቃድ የሌለው ሥራ ሲሠራ ኖሯልና እሷም አትተርፍም። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳወጣና እንዳወረደ እሱ ያውቃል። ዛሬ ግን ተስፋ አደረገ። ጋሼ ኃይለመስቀል ሽማግሌ ሆነው ይመጣሉ፤ አባት ናቸው፣ አስተዋይ ናቸው። ሁሉም በተቀመጠበት ይነግራቸዋል፣ ልጃቸውን በአንድ ቃል ያስቆሙታል። ንጹሑን ሸሚዝ ሲለብስ ይህን እያሰበ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። ሐጂ አብዱልራህማን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፣ ፉትስክሬይ ሥጋ ቤት ነበራቸው፣ አሁን ለልጆቻቸው ትተውታል። ጋሼ ኃይለመስቀል ደግሞ በሱዳን አድርገው በስደት የገቡ የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ነድተዋል፣ ሚስታቸውን ወይንሸትን ከቀበሩ ወዲህ ልጃቸው እንድርያስ ጋር ነው የሚኖሩት። አንዱ ከመስጊድ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ይምጡ እንጂ በዚህ ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ዕቁብ ሲፈርስ፣ አብረው ነው የሚጠሩት። ዙሃራ ሁለቱን ትልቁ ሶፋ ላይ አስቀመጠች። ማሞቂያውን አቀጣጠለችው፤ የጋዝ ቢል ከመጣ ወዲህ ለእንግዳ ካልሆነ አይነካም። ሳምቡሳው በትሪ ቀረበ፣ ሻዩ ተቀዳ። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ አንድ የሰፈር ሰው ሠርግ፣ እንቁላል ሱቅ ውስጥ ስለመጥፋቱ ተወራ። ሱሀይብ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ፀጉሩን አልተቆረጠም። አብዱልሀሚድ ፊት ለፊቱ ሆኖ አላየውም ብሎ ያየዋል። መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከነመኪናው የአጥር ግንብ ላይ ወጥተው ለዙሃራ እንዳይናገሩ ተማምለው ነበር፣ እስከ ዛሬም አልተናገሩም። እንድርያስ አባቱን አድርሶ ከቤቱ ደጅ፣ መኪናው ውስጥ፣ ስልኩን እየነካካ ቀርቷል፤ ለልጅ ሽምግልና ውስጥ መቀመጥ ነውር ነው።

ነገሩን ሐጂ ከፈቱት። አጎትና የእህት ልጅ በአደባባይ መዋረድ ለጠላት ነው የሚሆነው አሉ። መጀመሪያ ሱሀይብ ተናገረ፤ አማርኛው ሲያልቅበት በእንግሊዝኛ እየደጎመ። አጎቱን መግፋቱ ጥፋት መሆኑን፣ ብረቱንም ከቁራሌ መግዛቱ ልክ አለመሆኑን፣ ከእንግዲህ ወረቀት ካለው ነጋዴ ብቻ እንደሚገዛ። ዙሃራ በኩሽናው በር ቆማ እንባዋን ጠረገች። ሽማግሌዎቹም ተያዩ፤ ልጅ እንዲህ በአንድ አፍ ሲያምን ያስደስታል። ከዚያ ተራው የአብዱልሀሚድ ሆነ።

«ሌባ ማለቴ ጥፋት ነው» አለ። «ልጄ ሌባ አይደለም፣ አፌ ነው ያመለጠኝ። ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ብረት የወጣ አንድ ቀለበት ዛሬም ሰው መኪና ላይ አለ። ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ እንድርያስ…»

ጋሼ ኃይለመስቀል እጃቸውን አነሱ። «እዚያ ላይ ቁም።»

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይስሙኝ…»

«አልሰማህም። ልጄን ከዚህ ነገር አውጣው። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለሁለታችሁ ነው። የራሴን ልጅ ጉዳይ ጨምሬ ከሰማሁ ለሱ ስል ፈረድኩ ይባላል፣ ሽማግሌም አልሆንኩ። እሱን የምታነሳ ከሆነ እኔ ተነስቼ እሄዳለሁ፣ ሐጂ ይጨርሱት።»

«ልክ ነው» አሉ ሐጂ። «ያለፈው አልፏል። ልጁ ጥፋቱን አምኗል፣ ለወደፊቱም ቃል ገብቷል። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?»

ጋሼ ኃይለመስቀል ይህን የተናገሩት ከጨዋነት እንጂ ከክፋት አልነበረም። አብዱልሀሚድም ይህን ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጮኾ ይነግራቸው ነበር፤ እኚህን ሰው ግን እንዴት አድርጎ፣ አድልዎ ፈርተው ጆሯቸውን ሲይዙ እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ ያላቅቅ? ዙሃራን አየ። ዙሃራ በዓይኗ ለመነችው። ሽማግሌው ተነስተው ቢሄዱ ልጇም ተነስቶ ይሄዳል፣ ያቺ ሳህን ነገም ፍሪጅ ውስጥ ታድራለች። ያለፈው አልፏል ይላሉ፤ ያለፈውስ ከቤቱ ደጅ ቆሟል፣ ነጭ ነው፣ በመስኮቱ መጋረጃ ክፍተት ይታያል። አብዱልሀሚድ ተንፍሶ «እሺ» አለ። ሱሀይብ ተነስቶ መጥቶ ጉልበቱ ላይ ወደቀ፤ «አውፍ በለኝ» አለው፣ እሱም «አውፍ ብያለሁ፣ አንተም አውፍ በለኝ» አለና ብድግ አድርጎ አቀፈው። የልጁ አንገት አሁንም የዘይትና የሳሙና ሽታ አለው። ናፍቆታል፣ በጣም ናፍቆታል፤ እንባው መጣ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሼ ኃይለመስቀልም አሜን አሉ። ከእንግዲህ ይህን ነገር መልሶ ያነሳ ሽማግሌዎቹን እንደሰደበ ይቆጠር ተባለ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ስድቡ በአደባባይ ስለነበር ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን፣ አጎትየው ዛሬውኑ ክሬጊበርን ሄዶ ከልጁ ጎን ይቁም ብለው ፈረዱ።

ሩዝና ሥጋው ሲቀርብ አብዱልሀሚድ እጄን ልታጠብ ብሎ በጓሮ ዞረ። ከጋራዡ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን አንስቶ ወደ ደጅ ወጣ። እንድርያስ መኪናው ውስጥ የለም፤ ሱሀይብ ጠርቶት በጎን በር ገብቶ ኩሽና እየበላ ነው። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ቢጠየቅ በደንብ አይመልስም። ጎማውን ፈትቶ፣ ቀለበቱን አውጥቶ ጋራዡ ውስጥ ሊደብቀው ይሆናል፤ ብቻ እጁ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ከኋላው ግራ ጎማ ሥር ተንበረከከ። ጎማውን የያዙትን ዳዶዎች አንድ በአንድ ቢነካ አንዱ ወርቃማ፣ ጫፉ አበባ የሚመስል ነው። የሌባ መከላከያ ዳዶ ነው፤ የራሱ ቁልፍ ከሌለ አይፈታም፣ ቁልፉም ያለው በተቆለፈው መኪና ውስጥ ነው። ጣቱን በቸርኬው ክፍተት አስገብቶ የቀለበቱን ጠርዝ ዳሰሰው። የራሱ ሥራ ነው፣ ለስላሳ ነው። ስንጥቅ ቢኖርም ባይኖርም በጣት አይታወቅም።

«ተነስ።»

ዙሃራ ነበረች፣ በእጇ የውሃ ጆግ ይዛለች። የሸሚዙን ጫፍ ጭቃ እንደነካው አየች፣ ክሪኩን አየች። ብዙ ነገር ትለዋለች ብሎ ጠበቀ፤ ቀናተኛ ትለኛለች፣ እርቅ አፍራሽ ትለኛለች ብሎ። ጎረቤት የምትኖረው የቬትናም ሴትዮ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ሰላም አለቻቸው፣ ሁለቱም ፈገግ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ሴትዮዋ እስክትገባ ቆዩ። «ዛሬን ብቻ» አለች ዙሃራ፣ በጣም ቀስ ብላ። «ዛሬን ብቻ ልጄን ተውልኝ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ የሸሚዙን ጭቃ ጠረገችለት፤ አልለቀቀም። እንድርያስ ጥርሱን በስንጥር እየነካካ በሩ ላይ ብቅ አለና ክሪኩን አይቶ ሳቀ። «ካም ኦን አንክል» አለ፣ በሐዘኔታ ነው ያለው፤ የሰው ቂም አልለቅ ብሎት የሚሰቃይ ሽማግሌ ሲያይ እንደሚታዘን ነው ያዘነለት። አብዱልሀሚድ ክሪኩን ይዞ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

ሐጂ ለዐስር ሶላት ብለው ተሰናበቱ። የሱሀይብ መኪና በስፔሰር ካርቶን ስለተሞላ ሰው አይይዝም፤ እሱ ቀድሞ ሄደ፣ እናቱ መንገድ ድረስ ወጥታ እየሸኘችው። አብዱልሀሚድ ከእንድርያስ ጋር ይምጣ ተባለ። ቀለበቱ ያለበት መኪና ነው፤ አልሄድም ቢል ፍርዱን ጣሰ። ጋሼ ኃይለመስቀል ከፊት በግራ ተቀመጡ፣ እዚህ አገር መሪው በቀኝ ነውና፤ እሱ ከኋላቸው ገባ። መኪናው ከውስጥ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ ከመስታወቱ ላይ የእናቱ የወይንሸት ፎቶ በትንሽ ፍሬም ተንጠልጥሏል። ዝናብ ጀምሯል። የባላራት መንገድን ይዘው ሄደው ወደ ትልቁ የቀለበት መንገድ ሲገቡ ጭነት መኪናዎቹ በሁለቱም በኩል ውሃ እየረጩ ያልፏቸው ጀመር። እንድርያስ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይነዳል። አብዱልሀሚድ ከወንበሩ ሥር የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ጎማ መንገድ ላይ የሚያሰማው ተራ ድምፅ ነው፣ ደህና ድምፅ ነው። እስኪሰበር ድረስ ደህና ነው የሚመስለው። ሰውነቱ ሁሉ ጆሮ ሆነ። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ከሱሀይብ ጎን እንደሚቆም፣ ወጣቶቹ እጁን እንደሚጨብጡት፣ ታርቀዋል ተብሎ ካርቶኖቹ አንድ በአንድ እንደሚሸጡ አሰበ።

ጋሼ ኃይለመስቀል አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዘዝ አደረጉ። ልጃቸው በሙዚቃው ውስጥ እንዳይሰማ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

«የሰማሁህ አይመስልህም አይደል?» አሉ። «ሰምቼሃለሁ። ከዛሬም በፊት ሰምቻለሁ። ወሬው እኛም ቤት ደርሷል።»

«ታዲያ ጋሼ…»

«ነግሬዋለሁ። ዳድ፣ ሱሀይብ እኮ ወንድሜ ነው፣ አለኝ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሥራ ውሎ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለዚች መኪና ብቻ ነው። እሷንም ከነካሁበት ምን ይቀረኛል? አስገድጄ ከመኪናው አላስወርደው፣ ልጅ አይደል።» ወደ ዝናቡ ተመለሱና ቆይተው እንደገና ዞሩ። «እኔ አጠገቡ ካለሁ ሰማንያን አያልፍም። ለዚህ ነው በየሄደበት የምከተለው። ሰዉ መኪና ወዳድ ሽማግሌ ይለኛል።»

አብዱልሀሚድ ፍጥነት መቁጠሪያውን አሻግሮ አየ። እውነትም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ሁሉም እያለፋቸው ነው። በሽማግሌው ላይ ሊናደድ ፈለገና አልሆነለትም። ጠዋት ተስፋ ያደረገባቸው እኚሁ ናቸው፤ እሳቸውም ያላቸው እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ ነው።

«የትኛው ነው?» አሉ ጋሼ ኃይለመስቀል።

አብዱልሀሚድ አላነሳም ብሎ የገባው ቃል ገና ከአፉ አልደረቀም፣ ቃሉንም ያስገቡት እኚሁ ጠያቂው ናቸው። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም።

«የኋላው» አለ። «በግራ።»

ጋሼ ኃይለመስቀል የተቀመጠበትን ቦታ አዩ፣ በሩን አዩ፣ መልሰው እሱን አዩት።

«እንግዲያው ወደ ልጁ በኩል ጠጋ በል» አሉት።

አብዱልሀሚድ ቀበቶውን ፈታ። ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ከእንድርያስ ጀርባ ተቀመጠና እንደገና አሰረ። እንድርያስ በመስታወቱ አየው።

«ኦል ጉድ፣ አንክል?»

«ኦል ጉድ» አለ አብዱልሀሚድ።